አዲስ ስፒከር ስንት ቀን ይሟሻል?

ጥር ሲቃረብ አርጆ ላይ ሥራ ይበዛብኛል። ሞንታርቦ የሚያከራየው፣ የመዘምራን ኃላፊው፣ ቡና ቤት ያለው ሁሉ ወይ አዲስ ስፒከር ወይ ኮይሉ የተቃጠለ አሮጌ ይዞ ይመጣል። ድሮ ጥያቄያቸው «ስንት ዋት ነው?» ብቻ ነበር። አሁን ስልክ ላይ ቪዲዮ የሚያይ ወጣት በዝቷልና «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ቀን ይሟሻል?» ይሉኛል። አንዱ ሃምሳ ሰዓት ሰምቷል፣ ሌላው መቶ፤ እንዲያውም ሦስት መቶ ሰዓት ካልጮኸ ድምፁ አይከፈትም የተባለም አለ። ፍላሹ ላይ ወፍራም የሚያጉረመርም ድምፅ ጭኖ መጥቶ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አስጩህልኝ፣ እከፍላለሁ» ያለኝ ልጅ አጋጥሞኛል።

እንዲህ ያለውን ሥራ አልቀበልም። የማልቀበለው ግን ማሟሸት ሐሰት ስለሆነ አይደለም። እውነት አለው፤ እውነቱ ግን ትንሽ ነው፣ ወሬው ደግሞ ትልቅ።

ስፒከሩን ከሳጥኑ ፈትተን ጀርባውን እንየው። ከኋላ ክቡ ማግኔት አለ። በማግኔቱ መሐል ጠባብ ክፍተት አለች፤ በክፍተቷ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ተንጠልጥሏል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በኮይሉ ሲያልፍ ማግኔቱ ኮይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከኮይሉ ጋር የተጣበቀው ወረቀት አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የምንለው ይኸው ነው። ቸስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ይፋ ካደረጉት ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም።

ወረቀቱን በቦታው የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከፊት ዙሪያውን የሚታየው ጠርዝ ነው፤ በቤት ስፒከር ላይ ጎማ ወይም ስፖንጅ፣ በሞንታርቦው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተሸበሸበ ጨርቅ። ሁለተኛው ከኋላ፣ ኮይሉ አንገት ላይ ያለው ቢጫ ወይም ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ስፓይደር እንለዋለን። ብዙውን ጊዜ ከጥጥ የተሠራ ነው፤ ሬዚን ጠጥቶ በጋለ ቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ነው ያንን መሸብሸብ የያዘው። በዋናነት የሚሟሸው እሱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሬዚኑ ክሮቹን አጣብቆ አድርቋቸዋል። ወረቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ሲመላለስ ጥቃቅኑ መጣበቅ ይላቀቅና ጨርቁ ይለዝባል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳያሟሹ አይጋግሩበትም፤ ስፓይደርም በመጀመሪያው ቀን ገና ጠባዩን አልያዘም። ልዩነቱ፣ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል፤ ስፒከር ግን ባይሟሽም ይዘፍናል፣ እየዘፈነም ራሱን ያሟሻል።

ይህ ለውጥ በመሣሪያ ይለካል። ማንኛውም ስፒከር ወረቀቱን ገፋ አድርገው ቢለቁት የሚርገበገብበት የራሱ ፍጥነት አለው። 40 ኸርዝ ነው እንበል፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ። ስፓይደሩና ጠርዙ በ20 በመቶ ቢለዝቡ ይህ ቁጥር ወደ 36 ተኩል ይወርዳል። ከዚህ ለውጥ አብዛኛው የሚመጣው ወረቀቱ በደንብ በተንቀሳቀሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አዝጋሚ ነው። ስፒከሩ ሲያርፍ ከለዘበው ጥቂቱ ተመልሶ ይጠነክራል። ብርድም ያጠነክረዋል፤ የአርጆን የንጋት ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

36 ተኩል እና 40 ሲባል ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ስፒከር ግን ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ አይዘፍንም፤ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ደግሞ ራሱን የቻለ ስፕሪንግ ነው። ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ገበያ ያወጣው ስፒከር ይህንኑ የተጠቀመ ነበር፤ ጨርቁን ሆን ብሎ አላላና የመያዙን ሥራ ለአየሩ ሰጠው። በኋላ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲየል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስፒከርና ሳጥን እንዴት እንደሚጣጣሙ በሒሳብ አስቀመጡት። ዛሬ ጥሩ ስፒከር ሲገዛ አብሮት የሚመጣው የቁጥር ወረቀት በሁለቱ ስም ይጠራል።

በእነሱ ሒሳብ አንድ ምሳሌ ልሥራ። 40 ኸርዝ ያለውን ስፒከር፣ የጨርቁ ልስላሴ ከ100 ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል የሆነውን፣ 50 ሊትር በሚይዝ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ እናስገባው። ሳይሟሽ በሳጥኑ ውስጥ የሚኖረው ቁጥር 69 ኸርዝ ነው። ጨርቁ 20 በመቶ ከለዘበ በኋላ 67 ይሆናል። ሁለት ኸርዝ! ይህን በጆሮዬ ለየሁ የሚል ሰው አርጆ ድረስ ይምጣ፣ ቡናው በእኔ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር ላንሳ፤ ቪዲዮዎቹ ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ነቀምቴም አርጆም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያለፉ ከተሞች ናቸው፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ስፒከሩን የሠራው ፋብሪካ ግን ቁጥሮቹን የለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል። ወረቀቱ በተመሳሳይ ጉልበት ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ወደ 2 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ያንን ለመመለስ ከአምፕሊፋየሩ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን ዋት ይጠየቃል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የአየር ስፕሪንግም በዚያው በአንድ አምስተኛ ይላላል፤ ሳጥኑ የሰፋ ያህል ነው።

ነገሩን ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ማሟሸት ጨርቁን 20 በመቶ ያለዝባል ብለን ነበር። ከፍታው የአየሩን ስፕሪንግ በዚያው ልክ ያላላዋል። የስፒከሩ ጨርቅ ከሳጥኑ አየር ጋር ሲነጻጸር፣ ማሟሸቱ ወደ አንድ ጎን ሲስበው ከፍታው ወደ ሌላው ይስበዋል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደነበረው ሚዛን ይጠጋሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አድሮ የሚገኘው ለውጥ፣ ስፒከሩ ተጭኖ ወለጋ ደጋ ላይ ሲወጣ ብቻ ከሚደርስበት ለውጥ አይበልጥም ማለት ነው። ወደ ደዴሳ ሸለቆ፣ ወደ ስኳር ፋብሪካው አካባቢ ለዝግጅት ይዘውት ሲወርዱ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ጨርቁን ያለሰልሰዋል። ይህን ሁሉ አስቦ ሳጥን የሚሠራ አናጺ እስካሁን አላየሁም። መኖር ነበረበት።

አሁን ሌሊት ስለሚያድረው ጩኸት። ይህን የምቃወመው ጥቅም ስለሌለው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ይገድላል።

ለሠርግ የምንጠቀምበት ስፒከር ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው በጣም ጥቂቱን ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ጥሩ ስፒከር 3 በመቶ ያህሉን ድምፅ ያደርገዋል፤ 97 በመቶው ኮይሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ዘፈን ትንፋሽ አለው፤ ከበሮው ይመታል፣ ይቆማል፣ ዘፋኙ ያርፋል። በዚያች እረፍት ኮይሉ ይቀዘቅዛል። የመሞከሪያ ድምፅ ግን፣ ያ አንድ ወጥ የሚያጉረመርመው፣ እረፍት የለውም። ዘፈን ሲዘፍን 300 ዋት የቻለ ስፒከር በዚያው መጠን ወጥ ድምፅ ሲጫነው በአጭር ጊዜ ኮይሉ ይጠቁራል። ኮይሉ በሙጫ ነው የተያዘው፤ ሙጫው ሲለቅ ሽቦው ተፈትቶ ማግኔቱን ይፍቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

በሠርግ ድንኳን ውስጥም የሚሆነው ከዚሁ ይዛመዳል። መዳብ በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለኤሌክትሪክ ያለው መሰናክል (ሬዚስታንስ) በ0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮይሉ 200 ዲግሪ ሲደርስ ከ20 ዲግሪው ጋር ሲነጻጸር መሰናክሉ 70 በመቶ አድጓል። በዚህ ጊዜ ስፒከሩ የሚቀበለው ዋት ይቀንሳል፣ ድምፁም ከ2 ዴሲቤል በላይ ይወርዳል። ዲጄው «ድምፁ ደከመ» ብሎ ይጨምራል። ኮይሉ የባሰ ይግላል፣ ድምፁ የባሰ ይወርዳል፣ ዲጄው እንደገና ይጨምራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጠረን ይመጣል። የሙሽራው አጎት «ምን ሸተተ?» ሲል ነገሩ አልቋል። የሳሳው የደጋ አየር ማቀዝቀዙም ደካማ መሆኑን እዚህ ላይ ይጨምሩበት።

ስለ ዋት ከተነሳ፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ቁጥር አትመኑት። «2,000 ዋት» የሚለው ብዙውን ጊዜ ለአፍታ የሚመጣ ጫፍ ነው፤ ቋሚው የዚያ ሩብ ቢሆን ጥሩ ነው። የታመነ ፋብሪካ የሚጽፈው፣ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ደንብ መሠረት ለ2 ሰዓት ፒንክ ኖይዝ ተጭኖት ሳይበላሽ የቻለውን ነው። ፒንክ ኖይዝ ማለት ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ባንድነት ተደባልቆ እንደ ፏፏቴ የሚሰማው ነው። ይህንን ሁለት ሰዓት በሙሉ ጉልበት የሚያስጨንቁት ስፒከር ናሙና እንጂ ለእናንተ የሚሸጠው አይደለም።

ታዲያ የመሞከሪያ ድምፅ እኔ አልጠቀምም? በየቀኑ እጠቀማለሁ። የምጠቀመው ግን ለማሟሸት ሳይሆን ለመፈተሽ ነው።

ስፒከሩ ከመርካቶ በአይሱዙ ተጭኖ ነቀምቴ ለመድረስ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከዚያ ወደ እኛ። ማግኔቱ ከባድ ነው፣ የሚይዘው ደግሞ ሙጫ ነው። ርካሽ ስፒከር ላይ አንድ ክፉ ጉድጓድ ማግኔቱን በፀጉር ስፋት ካንሸራተተው ኮይሉ ጎኑን መፋቅ ይጀምራል። በዘፈን መሐል አይሰማም፤ በቀጥተኛ ወፍራም ድምፅ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ለዚህ ነው አዲስ ስፒከር መጀመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ የሚወጣው።

ኤሌክትሪክ ሳይነካው በጣቶቼ ወረቀቱን ከግራና ከቀኝ እኩል ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ። የሚፍቅ ነገር ካለ ጣት ቀድሞ ያውቃል። ቀጥሎ ቴስተር፦ 8 ኦም የተባለ ስፒከር ከ5 ተኩል እስከ 6 ተኩል ያነባል፤ ይህ ትክክል ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩን ቀዩ ላይ ስነካ ወረቀቱ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው፤ የድሮ ጄቢኤል ካልሆነ በቀር፣ እነሱ በዚያ ዘመን ተቃራኒውን ነበር የሚሠሩት። ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ባሱ ይጠፋል፤ «አልተሟሸም» ተብለው ከመጡልኝ ውስጥ ችግራቸው ይኸው የሆነ አሉ።

አሁን ድምፁ ይመጣል። ስፒከሩን በሁለት እንጨት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ማግኔቱ ጀርባ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ካለው መሬት ላይ ሲያርፍ ይታፈናል። ስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ከፍቼ፣ በቴስተሩ የአምፕሊፋየሩን መውጫ እያነበብኩ 4 ቮልት ላይ አቆማለሁ። በ8 ኦም ይህ 2 ዋት ነው። ርካሽ ቴስተር በመብራታችን ፍጥነት፣ በ50 ኸርዝ አካባቢ፣ በትክክል ስለሚያነብ ይበቃል። ከ20 ኸርዝ እስከ 200 ቀስ እያልኩ እወጣለሁ፤ ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ። መንቀጥቀጥ፣ መንጫረር፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ እዚህ ይሰማል። ንጹሕ ከሆነ ወረቀቱ በዓይን በሚታይ፣ ግን ጠርዙን በማይወጥር መጠን እንዲመላለስ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ ኮይሉ አካባቢ ሞቅ ማለት የለበትም። ማሟሸት የሚሉት ነገር በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሞላ ጎደል አልቋል።

ሥራ ስለምድ ስልክም ፍላሽም አልነበረም፤ ከመብራት 220 ቮልት ወደ 6 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነበር የ50 ኸርዝ ድምፃችን። ይህን በቤታችሁ አትሞክሩ፤ ሰው የሚገድል ሽቦ አጠገብ ነው።

ጥንድ ስፒከር ሲሆን ፊት ለፊት አጋጥሜ፣ የአንዱን ሽቦ ገልብጬ አገናኛቸዋለሁ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወረቀቶቹ ሙሉ ሥራቸውን ሲሠሩ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጎረቤቴ ያሉ እትዬ ይህን ዘዴ ከተጠቀምኩ ወዲህ ግድግዳ አልደበደቡብኝም።

ቱዊተርና የሆርኑን ድራይቨር በዚህ ሁሉ ውስጥ አታስገቡ። ወፍራም ድምፅ ለእነሱ ሞት ነው።

ግማሽ ሰዓቱ በእርግጥ የሚያስፈልገው ወረቀትና ስፓይደሩ ለተቀየረለት አሮጌ ስፒከር ነው። እዚያ ላይ ሙጫውን የቀባሁት፣ ኮይሉን መሐል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሙጫው አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ ድምፁ ይመረምረኛል። ስፖንጅ ጠርዝ ያላቸው የቤት ስፒከሮችም ብዙ ይመጣሉ፤ ስፖንጁ ከ10 እና 15 ዓመት በኋላ ራሱ ይበሰብሳል፣ የወለጋ ረጅም ክረምት ደግሞ ያፋጥነዋል። እነሱን ማደስ እንጂ ማሟሸት አያድናቸውም።

መቶ ሰዓት፣ ሦስት መቶ ሰዓት የሚሉት ሻጮች እንግዲህ ምን ይሆኑ? አንዳንዱ ያምንበታል። የሚገርመኝ ግን፣ ሁልጊዜ የሚሰማው «ከተሟሸ በኋላ አማረ» ነው፤ ስፒከሩ በማሟሸት ተበላሸብኝ የሚል አንድም የለም። ጨርቅ ሲለዝብ አንዱ እንደሚያምር ሌላው መክፋት ነበረበት። የሚለምደው ጆሮ ነው ባይ ነኝ። አዲስ ድምፅ ሳምንት ሲሰማ የቤት ድምፅ ይሆናል፤ የመግዣው ዋጋም ይረሳል። ሽቦና አምፕሊፋየር ይሟሻል የሚል ደግሞ ከመጣባችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

ለጥር ለምትዘጋጁ አከራዮችና መዘምራን የምለው ይህ ነው። ስፒከራችሁን ሻጩ ሳይረሳችሁ፣ ደረሰኙም ሳይጠፋ፣ በገዛችሁ ሳምንት አስፈትሹት፤ የሚፍቅ ኮይል ካለው የሚመለሰው ያኔ ነው። ለሌሊት ጩኸት ልትከፍሉኝ ያሰባችሁትን ገንዘብ ደግሞ ሽቦ ግዙበት። ድንኳን ውስጥ ለ30 ሜትር የምትዘረጉት ግማሽ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ሲሄድና ሲመለስ ከ2 ኦም በላይ መሰናክል አለው፤ 8 ኦም ስፒከር ከሚገባው ጉልበት ከሦስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጠውን ያሳጣዋል። በ2 ተኩል ስኩዌር ሽቦ ብትቀይሩት፣ መቶ ሰዓት ከማሟሸት የበለጠ ድምፅ በዚያው ምሽት ታገኛላችሁ።